ዐሥራ ስምንተኛው ስም

ዓይኔ ደክሟል፤ ሰው የምለየው አሁን አሁን በድምፁ ነው። በዚህ ዓመት ጥቅምት ላይ ሞጣ የተዳረችውን ልጄን ጠይቄ ወደ ቢቸና ስመለስ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ ከመናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀመጥሁ። ቦርሳዬን በጉልበቴ መሀል አድርጌ የነጠላዬን ጫፍ በማንገቻው አሳልፌ አስሬዋለሁ፤ መናኸሪያ ነውና። አጠገቤ አምስት ስድስት ጎረምሶች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ይጨቃጨቃሉ። የሞጣ ቡድን ደሞዝ የሚከፍል ክለብ ሆኖ አዳዲስ ተጫዋቾች መርጧል፤ ዝርዝሩም ያን ዕለት ጠዋት ወጥቷል። ስልኩን የያዘው ልጅ ከላይ ጀምሮ ሊያነብ ሲል፣ ከበሩ ጥግ ከዘራቸውን ተደግፈው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ከታች ጀምር» አሉት። «ላዩንማ ማንም ያውቀዋል።»

ሻዬን አፌ ሳላደርስ መልሼ አስቀመጥሁት። ያንን ቃል፣ በዚያው ድምፅ፣ ከሰማሁት ሠላሳ ዓመት ያልፈዋል። የት እንደሰማሁትም ወዲያው ታወቀኝ፤ ቢቸና፣ ከጌታሁን ልብስ ስፌት ቤት።

የጌታሁን ሱቅ ከዋናው መንገድ ወደ ገበያው በሚታጠፈው ማዕዘን ላይ ነበር። ዛሬ በቦታው የስልክ ቀፎ የሚሸጥበት ባለመስታወት ቤት ቆሟል፤ በዚያ ሳልፍ አሁንም የማየው ግን ሰማያዊ የተቀባውን የቆርቆሮ በር ነው። ከደጁ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ ከውስጥ ሁለት የስፌት መኪና፣ በስተጓዳ ልብስ የሚለካበት ቡናማ መጋረጃ፣ መስኮቱ ላይ ደግሞ ቴፕ። የቴፑ ባትሪ ድንጋይ ሲደክም ዘፈኑ እየተጎተተ ይሄድና ሴቷ ዘፋኝ ወንድ ትመስላለች። ያን ጊዜ ጌታሁን ድንጋዮቹን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ይደረድራቸዋል፤ ሞቀው እስኪነሡ ድረስ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ሻይ በስሙኒ ነበር። ጎረምሳው ሱሪውን ከፍራሽ ሥር አሳድሮ ስለት ያወጣለታል፤ ቴትሮን ሸሚዝ ያለው ሰው የላይኛዋን ቁልፍ በብርድም ቢሆን አይቆልፍም። የዛሬ ልጆች ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ በውድ ገዝተው ሲለብሱ ሳይ፣ ጌታሁን ቢያይ መርፌውን ይዞ ይከተላቸው ነበር እላለሁ።

በዚያ ዓመት የከተማው ነጋዴና የመንግሥት ሠራተኛ መክሮ የቢቸናን ቡድን ደሞዝተኛ አደረገው። ደሞዙ እንኳን ሰው ዶሮ የሚያኖር አልነበረም፤ ግን ኳስ ተጫውቶ ደሞዝ መቀበል የሚባለው ነገር ራሱ ለአገሩ አዲስ ነበር። አሠልጣኙ መምህር ቶሎሳ ነበሩ፤ ከወለጋ ተመድበው የመጡ የስፖርት አስተማሪ፣ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ። ዐሥራ ስምንት ስም ጽፈው በጌታሁን በር ላይ ለጠፉት፤ ማልያውን የሚሰፋው እሱ ነበርና። ዐሥራ አምስቱ ቁርጥ ያሉ ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ግን «ማሟያ» ይባሉ ነበር፤ ከሞጣ ጋር እስከሚደረገው ጨዋታ ድረስ ይታዩና ወይ ይቀራሉ ወይ ይሰናበታሉ። ጫማውን የገዛው ደጋፊው ስለነበር የደጋፊውም ቃል ይሰማል። ስለዚህ በገበያ ቀን ሁሉም አግዳሚው ላይ ይሰበሰብና ማሟያዎቹን ይመዝናል።

የምዘናው አለቃ ጋሽ ሙሄ ነበሩ። የሞጣ ሰው ናቸው፤ በየገበያው ቢቸና እየመጡ በሬ ይነግዳሉ። ነጭ ቆብ አድርገው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ምንጊዜም ከታች ያስጀምራሉ። «በሬ የሚገዛ ሰው ከሰኮናው ይነሣል» ይሉ ነበር። «ቀንድ ማየት የልጅ ሥራ ነው።» የሞጣ ሰው ሆኖ የቢቸናን ቡድን መመዘን ምን ማለት ነው ብለው ሲተርቧቸው፣ «በሬው የማንም ይሁን፣ ዓይኑ የኔ ነው» ብለው ይመልሳሉ።

ዐሥራ ስምንተኛው ስም የኔ አንተነህ ነበር።

ወንድ ልጄ እሱ ብቻ ነው። እሱ ገና እግር ሳይተክል አባቱ ሞተብን፤ ከዚያ በኋላ እኔ ፈሪ ሆንሁ፣ አልክድም። ደመና ሳይኖር ጃንጥላ አስይዘው ነበር። ዛፍ መውጣት ክልክል፣ ወንዝ ክልክል፣ ትኩስ ዳቦ እንኳ ሳይበርድ ክልክል። ከሁሉም የምፈራው መንገዱን ነበር። ቤታችን ከመኪና መንገዱ ዳር ነው፤ ባሕር ዳር የሚሄደው አይሱዙ አቧራውን አስነሥቶ ይበራል። «ከመንገዱ ስትደርስ ቁም» እለዋለሁ። «ግራ እይ። ቀኝ እይ። ደግመህ ግራ እይ። ከዚያ ተሻገር።» በቀን ስንቴ እንዳልሁት እግዜር ይወቀው። ልጁም ከመልመዱ የተነሣ ከጓዳ ወደ ሳሎን ሲገባ እንኳ ግራና ቀኝ ያይ ነበር።

ኳሱን ተደብቆኝ ነው የተጫወተው። ሸራ ጫማውን ጎረቤት ያሳድረዋል፤ ጉልበቱ ተልጦ ሲመጣ «ቤተ ክርስቲያን ስሰግድ ነው» ይለኛል፣ እኔም አምኜ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። የዝርዝሩን ነገር የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት። «እንኳን ደስ ያለሽ፣ አንተነህ ደሞዝተኛ ሆነ» ስትለኝ ቢሮ የገባ መስሎኝ እልል ብያለሁ። ነገሩ ሲገባኝ እልልታዬን አቋረጥሁ። ኳስ ሜዳ ስንት እግር እንደተሰበረ የማላውቀው አልነበረም።

ደጋፊው ምን እንደሚል በጆሮዬ መስማት ፈለግሁ። ሴት ሆኖ ያንን አግዳሚ ያለጉዳይ መጠጋት አይቻልም። ከሳጥኔ ነጭ መደብ ላይ ቀይ አበባ ያለበትን ቴትሮን ቀሚሴን አወጣሁና፣ ምንም ያልሆነውን የታች እጥፋቱን በምላጭ ተረተርሁት። በገበያው ቀን ይዤው ሄድሁ።

«ጌታሁን፣ ይቺን አሳጥርልኝ።»

ጌታሁን ቀሚሱንም እኔንም አየ። «ወይዘሮ የሻረግ፣ ይሄ እኮ በልክዎ ነው።»

«ረዝሞብኛል» አልሁና ከመኪናው ኋላ ተቀመጥሁ። ከደጅ የተቀመጡት አላዩኝም።

«ዐሥራ ስምንተኛው ማነው?» አሉ ጋሽ ሙሄ።

«አንተነህ።»

«የትኛው አንተነህ?»

«ያ ቀጭኑ። እናቱ በበጋ ጃንጥላ የምታስይዘው።»

«እግሩን አይታችሁታል? ባት የሚባል አልፈጠረበትም። ከጉልበቱ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቱ ነው።»

«ፈጣን ነው ይላሉ ግን።»

«ምን ይፈጥናል? ኳስ ስትመጣለት ቆሞ ግራ ያያል፣ ቀኝ ያያል። ኳሷ አይሱዙ ናት እንዴ?»

ሳቁ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። ጋሽ ሙሄ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው፣ «እኔ ይሄንን በሬ በነጻ ቢሰጡኝ ለመኖው አስባለሁ» አሉ። ጌታሁን መኪናውን አቁሞ በመነጽሩ ላይ አየኝ። ልጄን ስለሰደቡት ልነሣባቸው አማረኝ፤ መነሣት ግን አልቻልሁም። የሚስቁበት ነገር የኔ የእጅ ሥራ ነበር። ግራ እይ፣ ቀኝ እይ ያልሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ቀጥሎ ያደረግሁትን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም። በሁለተኛው ቀን ቀሚሴን ልወስድ ስሄድ ጌታሁን ክር ሊገዛ ወጥቶ ኖሯል፤ ሱቁ ውስጥ መምህር ቶሎሳ ብቻቸውን ማልያዎቹን ይቆጥራሉ። ግራና ቀኝ አየሁ። ሰው የለም።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልለምንዎት።»

«ይናገሩ እናቴ።»

«የልጄን ስም ይሰርዙልኝ።»

ማልያውን አስቀመጡት። «ምን አጠፋ?»

«ምንም አላጠፋም። እግሩ ይሰበራል። ሌሊት ሳስብ...»

«ሕልም አዩ?»

«ሕልም የሚያይ እኮ የተኛ ሰው ነው።»

ሊስቁ ነበር፣ ተዉት። «አሁን ብሰርዘው ሰው ሰነፍ ስለሆነ ነው ይለዋል» አሉ ቀስ ብለው። «እስከ ሞጣው ጨዋታ ይታገሡኝ። ከዚያ በኋላ ቁረጠው ካሉኝ እቆርጠዋለሁ። ለልጁም ለማንም አልናገርም።» ማሉልኝ። እኔም ቀሚሴን ይዤ ወጣሁ፤ የተቆረጠውን የጨርቅ ቅዳጅ ግን መኖሩንም አላስታወስሁት።

ከዚያ በኋላ ልጄን ባየሁት ቁጥር እንደ ሌባ እሆን ነበር። እሱ በደስታ ፊቱ በርቷል። ጠዋት ተነሥቶ ሜዳ ይሄዳል፣ ሲመጣ የበላውን ይደግማል፣ «እማዬ፣ ሞጣ ላይ ከተሰለፍሁ አይቆርጡኝም» ይለኛል። «እግዜር ያውቃል» እላለሁ፤ የማውቀው ግን እኔ ነበርሁ። በሚቀጥለው ገበያ ደጋፊው ዐሥራ ስምንተኛው ከጨዋታው በፊት ይሰናበት ሊል ተስማምቶ ሳለ ጋሽ ሙሄ «እሱን እንዳትነኩብኝ» ብለው መከልከላቸውን ጌታሁን ነገረኝ። «ባለፈው ለመኖው አስባለሁ ሲሉ አልነበረም?» ቢሏቸው ከዘራቸውን አንሥተው ወደ በሬዎቻቸው ሄዱ። ሞጣን ሊጠቅሙ ነው ብለው ያሟቸው ሰዎችም ነበሩ።

ለጨዋታው ደጋፊው በአይሱዙ ሲጫን እኔም ከሴቶች ጋር ወጣሁ። መንገዱ ያኔ ጠጠር ነው፤ ደብረ ወርቅ እስክንደርስ ሁላችንም አንድ መልክ ሆንን። በዘንቢሌ ሎሚ፣ የቁስል ጨርቅና ሁለት ቀጫጭን ጠፍጣፋ እንጨቶች ይዤ ነበር። እንጨቶቹን ያየች ሴት ምንድናቸው ብትለኝ «ለማማሰያ» አልኋት። ስብራት ማሰሪያ ነበሩ። ሞጣ ስንወርድም ሌላው ወደ ሜዳው ሲሮጥ እኔ መጀመሪያ የጠየቅሁት የወጌሻውን ቤት ነው። ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ መሆኑን፣ ሰውየውም ቤቱ መኖሩን አረጋግጬ ነው ሜዳ የገባሁት።

እኛ ቀድመን አንድ አገባን። ከዕረፍት በኋላ ግን ሞጣዎች እንደ ጎርፍ መጡብን። በግራ በኩል የሚጫወት አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ትከሻውን ወደዚህ ጣል አድርጎ በዚያ ይሄዳል፣ የኛ ተከላካይ ሁለት ጊዜ በቂጡ ተቀመጠለት። በሦስተኛው እግሩን ይዞ ቀረ። መምህር ቶሎሳ ወደ ኋላ ዞረው ጣታቸውን ሲያነሡ አንተነህ ብድግ አለ። ከኛ ወገን «ወይ አበሳ» ሲሉ ሰማሁ። ጀርባውን ሲሰጠን ደግሞ የሞጣ ሰው በሳቅ ፈነዳ። የሌሎቹ ቁጥር በነጭ አቡጀዲ የተሰፋ ነው፤ ለዐሥራ ስምንት ሲደርስ አቡጀዲው አልቆበት ጌታሁን ከቀሚሴ የተረፈውን ቅዳጅ ሰፍቶበታል። ልጄ ቀይ አበባ ያለው ቁጥር ለብሶ ሜዳ ገባ።

«አበባ መጣላችሁ፣ ቅጠፉት» ይላሉ ሞጣዎች።

ያ የግራው ልጅ ወዲያው መጣበት። ዘንቢሌን አጥብቄ ያዝሁ። ልጁ ትከሻውን ጣል አደረገ። አንተነህ አልተንቀሳቀሰም። ቆመ። ግራ አየ። ልጁ ወደ ቀኝ አስመሰለ። አንተነህ ቀኝ አየ። ልጁ እንደገና ተወዛወዘ፤ አንተነህ ደግሞ ግራ አየ፣ ልክ አይሱዙ እስኪያልፍ እንደሚጠብቅ ሰው። በዚህ መሀል ኳሷ ከልጁ እግር ትንሽ ሸሸች፤ አንተነህ በእርጋታ ተሻግሮ ወሰዳት። ሁለተኛም እንዲሁ። በሦስተኛው ያ አታላይ በገዛ እግሩ ተጠላልፎ ወደቀ፣ የሳቀውም የሞጣ ሰው ራሱ ነው። አጠገቤ የቆመች የሞጣ ሴት፣ «ይሄ ባለአበባው የማን ልጅ ነው?» አለችኝ።

«የኔ።»

«ማነው እንዲህ ያስተማረው?»

«እኔ ነኝ» አልኋት። «መንገድ ሲሻገር።»

እብድ መሰልኋት፤ ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች።

አንድ ለዜሮ አሸነፍን። በመልስ ጉዞ ከደብረ ወርቅ ከኛ ጋር የመጣ አንድ የቅኔ ተማሪ መኪናው ላይ ቆሞ፣

«ማሟያ ነው ብላችሁ ልጁን አትናቁት፣
ቤት እንኳን ያለ ማገር አይቆምም ዕወቁት»

ሲል አይሱዙው በጭብጨባ ተናወጠ፤ ቢቸና እስክንገባ ሌላ ነገር አልተባለም። ልጄም ከዚያ ቀን ጀምሮ በከተማው ስሙ አበባው ሆኖ ቀረ። ዛሬ ደብረ ወርቅ ቢሮ የሚሠራ የልጆች አባት ሆኖ እንኳን አንዳንድ ሰው አበባው ይለዋል።

በሳምንቱ መምህር ቶሎሳ ቤቴ ድረስ መጡ። አንተነህ አልነበረም። ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቃሌን ልጠብቅ ነው የመጣሁት። ልቁረጠው?» አሉኝ።

«ማንን?»

«አንተነህን ነዋ።»

«መምህር፣ ምን አገኘዎት?» አልኋቸው። «ደህና ልጅ ይቆረጣል?»

ጥቂት ትክ ብለው አዩኝና ከወንበራቸው እስኪነሡ ድረስ ሳቁ። ልጄ ስድስት ዓመት ተጫወተ። እንደፈራሁት አጥንቱ የተሰበረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ኳስ ካቆመ በኋላ፣ ቤቱ መጋረጃ ሲሰቅል ከወንበር ወድቆ። እነዚያ ሁለት እንጨቶች በመጨረሻ እውነትም ማማሰያ ሆኑ፤ አንደኛው ዛሬም አለ።

ይህ ሁሉ በዚያች ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ባንድ ጊዜ መጣብኝ። ተነሣሁና ወደ ሽማግሌው ተጠጋሁ። ቆቡ ነጭ እንደነበረ ነው፤ ጢሙ ግን ከቆቡ ጋር ተመሳስሏል።

«ጋሽ ሙሄ አይደሉም?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ድምፁ የቢቸና ነው።»

«የሻረግ ነኝ። የአንተነህ እናት።»

«የባለአበባው» አሉና እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «አላሁ አክበር። ልጁስ? እግሩ ደህና ነው?»

«እግሩ ደህና ነው። እጁ ነበር።» የመጋረጃውን ነገር ስነግራቸው ከዘራቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ከዚያ ያን ለሠላሳ ዓመት ሲከነክነኝ የኖረውን ጠየቅኋቸው። «ያን ጊዜ ሁሉም ይቆረጥ ሲል ለምን ነበር አይነካ ያሉት?»

ጎረምሶቹን አዩና ወደኔ ጠጋ አሉ። «የጌታሁን መጋረጃ ትዝ ይልዎታል? ሱሪ የሚለኩበት?»

«ትዝ ይለኛል።»

«በሬዬ በገበያው ሳይሸጥልኝ ቢቸና አድሬ ነበርና ከኋላው ነበርሁ። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ አድርሼ ሳልታጠቅ እርስዎ ገቡ። እንዴት ብዬ ልውጣ? ወላሂ፣ ከመምህሩ ጋር የተባባላችሁትን ሁሉ በአንድ እግሬ ቆሜ ነው የሰማሁት።»

መሬት ብትሰነጠቅ እገባ ነበር። «ታዲያ ስንት ዓመት ሙሉ ዝም አሉ?»

«ምን ልበል? ሱሪዬን ሳልታጠቅ ሰማሁ ልበል?» አሉ። ቀጥለው ግን ድምፃቸው ለስለስ አለ። «በሬ ስገዛ አንድ ሕግ አለኝ፣ ወይዘሮ የሻረግ። ባለቤቱ ለመሸጥ የሚቸኩልበትን አልገዛም። ገመዱን ይዞ አልለቅም የሚለኝን ነው የምገዛው፤ ያ ሰው የያዘውን ያውቃል። እርስዎ ያን ዕለት ገመዱን ይዘው ሲለምኑ ስሰማ፣ ይሄን ልጅ አይቼው አላየሁትም አልሁ።» «ለልጁ ነግረውታል?» ብለውም ጠየቁኝ።

«እንዴት ብዬ እነግረዋለሁ? ላስቆርጥህ ነበር ልበለው?»

«ይንገሩት። አርባውን ያለፈ በሬ ከእንግዲህ አይደነግጥም።»

እኔ ከአራተኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ ፊት ለፊት መናገር ግን ከመጻፍ ይከብደኛል። ይህን የጻፍሁት ለዚሁ ነው። አንተነህ፣ ስምህን ላሰርዝ ሄጄ ነበር። ከሞጣ ስመለስ ግን ያን ልትለምን የሄደችው ሌላ ሴት ትመስለኝ ነበር።

በዚህ መሀል የሚኒባሱ ረዳት «ቢቸና አንድ ሰው» እያለ መጣራት ጀመረ። ጎረምሶቹ እንደታዘዙት ከታች ጀምረው የመጨረሻውን ስም እየበሉት ነበር። ቀጭን ነው ይላሉ፤ ማን እንዳስገባው አይታወቅም ይላሉ። አንደኛው «ማሟያ ነው፣ ገና አንድ ወር ሳይሞላው ይመልሱታል» ብሎ ፈረደበት። ጋሽ ሙሄ በከዘራቸው ወደኔ ጠቆሙ። «እስኪ እርሳቸውን ጠይቁ። ከኔ የተሻለ ዓይን አላቸው።»

ልጆቹ ነጠላዬንና በቦርሳዬ ማንገቻ ያሰርሁትን ጫፍ አዩና እርስ በርስ ተያዩ። ስልኩን የያዘው ግን ጨዋ ልጅ ነበር። «እሺ እማማ፣ ምን ይላሉ?» አለኝ።

«መንገድ ሲሻገር ያየው አለ?»

ሳቁ። ጋሽ ሙሄ አልሳቁም፤ እኔም አልሳቅሁም። ሳቁ ቀስ ብሎ ቆመ፤ ከመካከላቸው ትንሹ አሰብ አድርጎ፣ «እኔ ትናንት እዚሁ መናኸሪያው በር ላይ አይቼዋለሁ» አለ። «ባጃጅ ሲመጣ ሁላችንም ተሯሩጠን ተሻገርን። እሱ ብቻውን ቆሞ አሳለፈው።»

«እናት አለችው ማለት ነው» አልሁና ቦርሳዬን ፈትቼ ተነሣሁ። «አቆዩት።»